ሁለት ቋንቋ የሚነገርበት የሕፃናት መዋያ በማስታወቂያው ምን ማለት ይገባዋል?

በዋሽንግተን ከተማና በአጠገቧ ባሉት በሜሪላንድና በቨርጂንያ ግዛቶች ከአገራቸው ወጥተው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እጅግ ብዙዎች ናቸው። ከነዚህም መካከል ጥቂት የማይባሉ ሴቶች በመኖሪያ ቤታቸው የሰው ልጆች ተቀብለው እየመገቡ፥ እያጫወቱና እያስተኙ በዚሁ ሥራ ይተዳደራሉ። ሥራው በሕግ የታወቀ ነው። ለምሳሌ የሜሪላንድ ግዛት እንዲህ ያለውን ቤት መዝግቦ ፈቃድ ሲሰጥ፥ በተራው ቤት እስከ 8 ሕፃናት፥ ሰፋ ባለው ደግሞ እስከ 12 ሕፃናት ድረስ እንዲውሉ ይፈቅዳል። ወገኖቻችን ይህን ቦታ «ዴይኬር» ይሉታል፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ «የሕፃናት መዋያ» እንለዋለን።

የመዋያው ባለቤት ደንበኛ ለማግኘት ማስታወቂያ ማውጣት አለባት። ማስታወቂያውም በሐበሻ ሸቀጣ ሸቀጥ መደብር በር ላይ ይለጠፋል፥ በቤተ ክርስቲያን ይነገራል፥ በአማርኛ ሬዲዮ ይሰማል፥ በስልክም ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። ስለ ቋንቋ ሲሆን ግን ሁለት ዓይነት ልማድ ይታያል። አንዳንዶቹ የሚፈለገው እንግሊዝኛ ብቻ ስለሚመስላቸው አማርኛቸውን ፈጽሞ ሳያነሡት ይቀራሉ። ሌሎቹ ደግሞ «በሁለት ቋንቋ እንናገራለን» ብለው በአንድ መስመር ያልፉታል። እኛ በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው፥ አማርኛ ማወቅ ለዚህ ሥራ ትልቅ ሀብት መሆኑንና፥ ይህም ሀብት ለወላጅ የሚታየው ማን፥ ለማን፥ በየትኛው ሰዓት፥ በየትኛው ቋንቋ እንደሚናገር ማስታወቂያው ለይቶ ሲገልጽ መሆኑን ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ጉዳዩ የማስታወቂያ ብቻ አይደለም

አንባቢው ምናልባት «የንግድ ማስታወቂያ ለምርምር መጽሔት ምን ያደርግለታል?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሳችን እንደሚከተለው ነው። ወደ አሜሪካ የገቡ የልዩ ልዩ አገር ሰዎች ቋንቋ በብዙ ቦታ አንድ ዓይነት መንገድ ተከትሏል፤ አያቶች ይናገሩታል፥ ልጆች ይሰሙታል፥ የልጅ ልጆች ግን አያውቁትም። ጆሹዋ ፊሽማን የተባለው ሊቅ በ1966 ባሳተመው ጥናት ስደተኞች በዚያ አገር ቋንቋቸውን ለመጠበቅ ያደረጉትን ጥረት በሰፊው መርምሯል። በኛም ወገኖች ዘንድ «ይሰማል እንጂ አይናገርም» የሚለው ቃል ስለ ልጆች ዘወትር የሚነገር ሆኗል። እንዲህ ያለው ልጅ ከአዲስ አበባ ወይም ከጎንደር በስልክ ለምትጠራው አያቱ የሚመልሰው አንድ ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ ከዚያም ስልኩን ለእናቱ ይሰጣል።

ይህ ለውጥ የሚጀምረው ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። ነገር ግን ሊሊ ዎንግ ፊልሞር በ1991 ባሳተሙት ጥናት እንዳመለከቱት፥ ሕፃናት ገና ለትምህርት ሳይደርሱ በእንግሊዝኛ ብቻ በሚነገርባቸው መዋያዎች ሲውሉ የቤታቸውን ቋንቋ መተው የሚጀምሩት ከዚያው ነው። ሕፃኑ በመዋያው የለመደውን ቋንቋ ይዞ ወደ ቤት ይገባል፤ ወላጆቹ በቋንቋቸው ቢናገሩትም በእንግሊዝኛ ይመልሳል።

ነገሩን በሰዓት ብንቆጥረው ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ለምሳሌ ያህል አንድ ሕፃን በቀንና በሌሊት በጠቅላላው 12 ሰዓት ይተኛል እንበል። እንግዲህ በሳምንት ነቅቶ የሚቆየው 84 ሰዓት ነው። እናቱና አባቱ ሥራ ሲሄዱ በሳምንት 5 ቀን፥ በየቀኑ 10 ሰዓት በመዋያ ቢቆይና ከዚያ ውስጥ 2 ሰዓት ቢተኛ፥ በመዋያው ነቅቶ የሚያሳልፈው 40 ሰዓት ይሆናል፤ ይኸውም ከ84ቱ ወደ ግማሽ የሚጠጋ ነው። ስለዚህ የመዋያው ባለቤት የምትናገረው ቋንቋ ለሕፃኑ ትርፍ ነገር ሳይሆን የቋንቋው ግማሽ ሆኖ ይገኛል። ወላጅ ይህን ለማወቅ የሚችለው አስቀድሞ ከማስታወቂያው ነው።

2. ሊቃውንት ከደረሱበት ለማስታወቂያ የሚጠቅመው

በመጀመሪያ፥ ሁለት ቋንቋ ሕፃንን ያደናግራል የሚለው ፍርሃት በብዙ ወላጆች ልብ አለ። ይህ ፍርሃት ከሊቃውንትም ዘንድ የመጣ ነበር። በ1923 ሴር የተባለ ሰው በዌልስ ሕፃናት ላይ ባደረገው ምርመራ በገጠር ያሉት ሁለት ቋንቋ የሚናገሩ ልጆች በአእምሮ ፈተና ዝቅ ብለው ተገኙ ብሎ ጻፈ። በ1962 ግን ኤልዛቤት ፒልና ዋላስ ላምበርት በሞንትሪያል ከተማ 10 ዓመት የሆናቸውን ልጆች ሲመረምሩ፥ የወላጆቻቸው ኑሮ ተመሳሳይ የሆኑትን ለይተው ቢያወዳድሩ ሁለቱን ቋንቋ አጥርተው የሚያውቁት ልጆች በልጠው ተገኙ። ከዚህም የቀድሞው ጉድለት የቋንቋ ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ የኑሮ ልዩነት እንደ ነበረ ታወቀ። ይሁን እንጂ በኋላ የተደረጉት ጥናቶች ሁሉ እንዲህ ያለውን ብልጫ አላገኙም። ስለዚህ ማስታወቂያ «ሁለት ቋንቋ ልጅዎን አይጎዳውም» ቢል እውነት ነው፤ «ልጅዎን ከሌሎች ልጆች ይልቅ ብልህ ያደርገዋል» ቢል ግን ሊያረጋግጠው የማይችለውን ነገር መናገሩ ነው።

ሁለተኛ፥ በሁለት ቋንቋ የሚያድግ ሕፃን በእያንዳንዱ ቋንቋ የሚያውቀው ቃል አንድ ቋንቋ ብቻ ከሚሰማው ሕፃን ሊያንስ ይችላል። ባርባራ ፒርሰንና ባልደረቦቿ በ1993 በማያሚ ከተማ እስፓኝኛና እንግሊዝኛ በሚሰሙ ሕፃናት ላይ እንዳሳዩት ግን፥ የሁለቱ ቋንቋ ቃላት አንድ ላይ ሲቆጠሩ ልዩነቱ ይጠፋል። ይህን የማያውቅ ወላጅ ልጁ በሁለት ዓመቱ ጥቂት የእንግሊዝኛ ቃል ብቻ ሲናገር ደንግጦ ከመዋያው ያስወጣዋል። አስቀድሞ የተነገረው ወላጅ ግን ይታገሣል።

ሦስተኛ፥ የድምፅ ነገር አለ። በ1984 ጃኔት ወርከርና ሪቻርድ ቲስ እንደ ደረሱበት፥ እንግሊዝኛ በሚነገርበት ቤት ያሉ ሕፃናት ከ6 እስከ 8 ወር ባለው ዕድሜያቸው የባዕድ ቋንቋ ድምፆችን ይለያሉ፤ ከ10 እስከ 12 ወር ሲደርሱ ግን ይህ ችሎታቸው እጅግ ይቀንሳል። እንግሊዝኛ የኛን ጠ፥ ቀ፥ ጨ እና ጸ የመሳሰሉትን ድምፆች አይለይባቸውም። እንግዲህ «ከፈለ» እና «ቀፈፈ» ሲባል የመጀመሪያዎቹን ድምፆች ለይቶ መስማት ለሕፃኑ የሚቀለው እነዚህን ድምፆች ከጨቅላነቱ ጀምሮ ዘወትር የሰማ እንደ ሆነ ነው። ስለዚህ ጨቅላ የሚቀበል መዋያ አማርኛ መነገሩን በማስታወቂያው ቢያነሣ፥ «ገና አፉን ላልፈታ ልጅ ቋንቋ ምን ያደርግለታል?» ለሚል ወላጅ በቂ መልስ አለው።

አራተኛና ዋና የሆነው፥ ሕፃን ቋንቋ የሚማረው ከሰው አፍ ነው። ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ በ2003 ባሳተሙት ጥናት፥ 9 ወር ለሆናቸው አሜሪካውያን ሕፃናት ቻይንኛ ተናጋሪዎች በ12 ቀጠሮ መጽሐፍ እያነበቡና አሻንጉሊት እያሳዩ አጫወቱአቸው። ሕፃናቱም የቋንቋውን ድምፅ መለየት ቻሉ። ያው ንግግር በቴሌቪዥን ወይም በድምፅ መቅጃ ብቻ የቀረበላቸው ሌሎቹ ሕፃናት ግን ምንም አልተማሩም። ከዚህ የምንረዳው፥ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቴሌቪዥን ቀኑን ሙሉ አማርኛ ቢናገር መዋያውን ባለ ሁለት ቋንቋ እንደማያደርገው ነው። ሕፃኑን ዓይን ዓይኑን እያየች «ና እጅህን ልጠብህ» የምትለው ሞግዚት ናት ቋንቋውን የምትሰጠው።

3. ማስታወቂያው የሚናገረው ለሦስት ዓይነት ወላጆች ነው

በአንድ ቃል ለሁሉ መናገር አይቻልም። እንደሚመስለን የመዋያው ደንበኞች በሦስት ይከፈላሉ።

የመጀመሪያዎቹ ልጆቻቸው በዚያው የተወለዱላቸው ኢትዮጵያውያን ናቸው። እነዚህ የሚፈልጉት ልጃቸው እንዲናገር ነው። ለነሱ «አማርኛ እናውቃለን» ማለት ምንም አይጨምርም፤ እነሱም ያውቃሉና። የሚጠቅማቸው «ሕፃኑ በእንግሊዝኛ ሲመልስልን በአማርኛ ደግመን እንነግረዋለን፤ ተረት እንነግረዋለን፤ ለታላላቆች አንቱ ማለትን እናለማምደዋለን» የሚል ዝርዝር ነው። አንቱታ ከወላጅ ጋር በሚደረግ ንግግር ብቻ በቀላሉ አይለመድም። እናትና አባት ልጃቸውን «አንተ» ወይም «አንቺ» ይሉታልና፥ ልጁ አክብሮ መናገርን የሚሰማው ሌላ ታላቅ ሰው ባለበት ቤት ነው።

ሁለተኞቹ በቅርብ ከአገር የመጡና እንግሊዝኛ ገና ያልለመዱ ወላጆች ናቸው። እነዚህ የሚፈልጉት ከባለቤቷ ጋር መግባባት ነው፤ ይኸውም ሕፃኑ ምን እንደ በላ፥ ስንት ሰዓት እንደ ተኛ፥ ትኩሳት እንዳለው በሚሰሙት ቋንቋ እንዲነገራቸው ይሻሉ። የዋሽንግተን ከተማ በ2004 ባወጣው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ መሠረት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማያውቁ ሰዎች አስተርጓሚና የተተረጐመ ጽሑፍ እንዲያቀርቡ ታዝዟል፤ አማርኛም በዚህ ሕግ ከሚገለገሉባቸው ዋና ዋና ቋንቋዎች አንዱ ነው። መንግሥት ይህን ያህል ካሰበበት፥ ልጇን አደራ የምትሰጥ እናት ከዚህ ያነሰ ልትጠይቅ አይገባትም። ለነዚህ ወላጆች ማስታወቂያው በአማርኛ ሊጻፍና «የመመዝገቢያውን ወረቀት አንብበን እናስረዳዎታለን» ሊል ይገባል።

ሦስተኞቹ ኢትዮጵያውያን ያልሆኑ፥ ግን ልጃቸው ሁለተኛ ቋንቋ እንዲሰማ የሚፈልጉ ወላጆች ናቸው። ለነዚህ ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ነገር ግን የአማርኛው ትርጕም ብቻ ሆኖ አይበቃም። አማርኛ ምን ዓይነት ቋንቋ እንደ ሆነ፥ በራሱ ፊደል የሚጻፍ መሆኑን፥ ከዐረብኛና ከዕብራይስጥ ጋር የሴም ቋንቋዎች ቤተሰብ መሆኑን በሁለት መስመር ማስረዳት አለበት። እንዲሁም አስቸኳይ ነገር ሲደርስ ባለቤቷ ሐኪም በእንግሊዝኛ ለመጥራትና ለማነጋገር የምትችል መሆኗን መግለጽ ያስፈልጋል። የባለቤቷ እንግሊዝኛ የሐበሻ ቃና ቢኖረው የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ይህን ወላጅ ወደ ቤቷ የሚያመጣው ሌላ ቋንቋ የምታውቅ መሆኗ ነውና።

በዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ እንጨምራለን። «ኢትዮጵያኛ» የሚባል ቋንቋ የለም። ባለቤቷ የምትናገረው ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ ወይም ጉራግኛ ከሆነ ማስታወቂያው ያንኑ በስሙ ይጥራ። በዚያ ቋንቋ ልጁን ለማሳደግ የሚሻ ወላጅ የሚፈልገው ይህንኑ ስም ነው።

4. ቀኑ እንዴት እንደሚከፈል መግለጽ

ሁለት ቋንቋ በአንድ ቤት እንዴት ይነገር? ከጥንቶቹ መልሶች አንዱ ዡል ሮንዣ በ1913 ካሳተመው መጽሐፍ ይገኛል። ሮንዣ ፈረንሳዊ፥ ሚስቱ ጀርመናዊት ነበሩ፤ ለልጃቸው ለሉዊ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ቋንቋ ብቻ ይናገሩት ነበር። ልጁም ሁለቱን ቋንቋ ለየብቻው አወቀ። ይህ «አንድ ሰው፥ አንድ ቋንቋ» የተባለው ሥርዓት ነው። ከሚስዮን ትምህርት ቤት የመጣን ተማሪዎች ነገሩ እንግዳ አይሆንብንም፤ ለውጭ አገር መምህራችን በእንግሊዝኛ፥ ለአማርኛ መምህራችን በአማርኛ መናገር ማንም ሳያዘን የለመድነው ነበርና።

በመዋያው ባለቤቷና ረዳቷ ካሉ ይህን ሥርዓት መከተል ይቻላል፤ አንዷ አማርኛ፥ ሌላዋ እንግሊዝኛ ትናገራለች። ባለቤቷ ብቻዋን ከሆነች ግን በሰዓት ወይም በሥራ ትከፍለዋለች፤ ይኸውም ለምሳሌ የጧቱ ጊዜና ምግብ በአማርኛ፥ ከቀትር በኋላ ያለው ጨዋታ በእንግሊዝኛ ይሆናል። የሚሻለው አንድ መንገድ ብቻ ነው ብለን አንፈርድም። የምንለው፥ የተመረጠው መንገድ በማስታወቂያው ላይ ይጻፍ ነው።

በዚህ ረገድ ከኒው ዚላንድ የሚገኘው ምሳሌ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። የማኦሪ ሕዝብ ቋንቋ ሊጠፋ በተቃረበ ጊዜ፥ በ1982 ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ለትምህርት ያልደረሱትን ሕፃናት ሰብስበው በማኦሪ ቋንቋ ብቻ የሚያነጋግሩባቸው መዋያዎች ተከፈቱ። ስማቸውንም «ኮሃንጋ ሬኦ» አሉት፤ ትርጓሜው «የቋንቋ ጎጆ» ማለት ነው፥ ወፍ ጫጩቶቿን የምታሳድግበትን ዓይነት ጎጆ። እዚያ ወላጅ ልጁን ሲያመጣ የሚነገረው ቋንቋ የትኛው እንደ ሆነ ከበሩ ስም ያውቃል። የኛ ወገኖች ግድ አማርኛ ብቻ ይናገሩ አንልም፤ ነገር ግን ስሙ ራሱ የቤቱን ሥራ እንዲናገር ማድረግ ይችላሉ።

5. ሕግ የሚከለክለውና የሚያዝዘው

ቋንቋን ማስታወቅ የተፈቀደ ነው፤ ሕፃናትን በዘር መለየት ግን አይፈቀድም። በ1976 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚሁ በቨርጂንያ ግዛት የሚገኙ የግል ትምህርት ቤቶች ጥቁር ሕፃናትን በዘራቸው ምክንያት አንቀበልም ማለታቸው ሕግ መጣስ ነው ብሎ ፈርዷል። በዚያ ሕግ ዛሬ የኛ ሕፃናት ይጠበቃሉ። እንግዲህ በማስታወቂያችን «የሐበሻ ልጆች ብቻ» ብሎ መጻፍ ያንኑ በር በሌላው ልጅ ላይ መዝጋት ይሆናል። «በቤታችን አማርኛ ይነገራል፤ ማንኛውም ልጅ ይመጣል» ማለት ግን ሕጉንም ያከብራል፥ ደንበኛንም ያበዛል።

ደግሞም ፈቃድን መግለጽ ያስፈልጋል። ለምሳሌ የካሊፎርንያ ግዛት ሕግ ፈቃድ ያለው መዋያ ደንበኛ ለመሳብ በሚያወጣው ማስታወቂያ ሁሉ የፈቃዱን ቁጥር እንዲጽፍ ያዝዛል። በየትኛውም ግዛት ያለች ባለቤት የግዛቷን ደንብ ጠይቃ መፈጸም አለባት። ይህ የሚያስፈልገው ለመንግሥት ብቻ አይደለም። ስለ ቋንቋ የተነገረውን ወላጅ ወዲያው ሊመዝነው አይችልም፤ የፈቃዱን ቁጥር ግን ሊያጣራው ይችላል። አንዱ እውነት ሆኖ ሲገኝ ሌላውንም ያምናል።

6. ሁለት ማስታወቂያዎች ሲወዳደሩ

ከላይ የተባለውን ለማሳየት ሁለት ምሳሌ አዘጋጅተናል። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፤

«ልጅዎን በፍቅር እንጠብቃለን። ሁለት ቋንቋ እናስተምራለን። ልጅዎ በአጭር ጊዜ አማርኛ አቀላጥፎ ይናገራል።»

ሁለተኛው እንዲህ ይላል፤

«ከ6 ወር እስከ 4 ዓመት የሆናቸው ሕፃናት በቤታችን ይውላሉ። የቤቱ ባለቤት ለሕፃናቱ ቀኑን ሙሉ የምትናገረው በአማርኛ ነው፤ ረዳቷ በእንግሊዝኛ ትናገራለች፥ ከቀትር በኋላም መጽሐፍ ታነብላቸዋለች። ቴሌቪዥን አንከፍትም። ማታ ሲመጡ ልጅዎ በዕለቱ የሰማውን ተረትና አዲስ ቃል እንነግርዎታለን፤ እርስዎም በቤት ቢደግሙት ልጁ ይበልጥ ይለምደዋል። የማንኛውንም ወገን ልጅ እንቀበላለን። የፈቃድ ቁጥራችን ከዚህ በታች ተጽፏል። ከጧቱ 4 ሰዓት ላይ መጥተው ቢያዩን ደስ ይለናል።»

የመጀመሪያው ማስታወቂያ ያጠረና የሚያምር ነው፤ ግን ወላጁ ሊመረምረው የሚችል አንድ ነገር የለበትም። «አቀላጥፎ ይናገራል» የሚለውም ባለቤቷ በብቻዋ ልትፈጽመው የማትችለው ተስፋ ነው፤ ልጁ በቤቱና በቅዳሜ በእሑድ የሚሰማውን እሷ አታዘውምና። በስድስተኛው ወር ልጁ ሳይናገር ቢቀር ወላጁ ይቀየማል፥ ወሬውም በመደብሩና በቤተ ክርስቲያኑ ይዳረሳል። በሁለተኛው ማስታወቂያ ግን የተባለው ሁሉ በባለቤቷ እጅ ያለ ነው። የወላጁም ድርሻ ተነግሮታል።

አንዳንድ ሰው «ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ የሚፈለግበት እንግሊዝኛ ነው፤ አማርኛ ማስታወቅ ደንበኛ ያሸሻል» ይል ይሆናል። ይህን ሐሳብ አንንቀውም፤ ከድካም ለተረፈች ጥቂት ገንዘብ የምትሠራ ሴት አንድ ደንበኛ ብታጣ የቤት ኪራይዋ ይጎድላል። ነገር ግን እንግሊዝኛ ለዚያ ሕፃን ከሁሉ አቅጣጫ ይመጣለታል፤ ከመንገድ፥ ከመደብር፥ ከጓደኛ፥ በመጨረሻም ከትምህርት ቤት። አማርኛ የሚመጣለት ከጥቂት ሰዎች አፍ ብቻ ነው። በየትኛውም መዋያ የሚገኘውን ነገር ብቻ የምታስታውቅ ባለቤት ከሁሉ ጋር በዋጋ ትወዳደራለች፤ በሷ ቤት ብቻ የሚገኘውን የምታስታውቅ ግን ያንን የሚፈልገው ወላጅ ከሩቅ ሰፈርም ቢሆን ይመጣላታል።

ከዚህ በላይ ከገለጽነው የሚከተለው ይህ ነው። ማስታወቂያ የምታዘጋጅ ባለቤት በቅድሚያ አንድ ሙሉ ቀን ለሕፃናቱ የምትናገረውን ትከታተል፤ ስንት ሰዓት በአማርኛ፥ ስንት ሰዓት በእንግሊዝኛ እንደ ተናገረች፥ ቴሌቪዥኑም ስንት ሰዓት እንደ ተከፈተ ትጻፍ። የጻፈችው ካላስደሰታት ቀኑን ታስተካክል። ከዚያ በኋላ ያንኑ ወረቀት አሳጥራ ማስታወቂያ ታድርገው። ልጇን በአደራ የምትሰጥ እናት የምትጠይቀው ይህን ነው፤ ከጧቱ 4 ሰዓት ላይ ሳትነግር ብትመጣም የተጻፈውን በጆሮዋ ለመስማት ትችላለች።